ጥርስ ባዳ ነው፤ የበርት ዊሊያምስ ሕይወትና የጥበብ ጉዞ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ እያዘነ ጥርስ እንደ ባዕድ ለብቻው መሳቁን ለማስረዳት የተነገረ አባባል ነው። ለማንም ሰው የሚሠራ ቢሆንም፣ ማሳቅን መተዳደሪያው ላደረገ ተዋናይ ሲነገር ግን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ የእሱ ጥርስ ባዳ የሚሆነው አንዳንዴ ሳይሆን በየምሽቱ፣ ያውም በክፍያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1922፣ በሰሜን አሜሪካ በዲትሮይት ከተማ፣ አንድ የአርባ ሰባት ዓመት ጥቁር ተዋናይ በትርኢት ላይ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የሳምባ ምች ይዞት ኖሮ ሕመሙን ችሎ ነበር መድረክ ላይ የወጣው። እንደሚተረከው፣ ተመልካቹ አወዳደቁን የጨዋታው አንድ ክፍል አድርጎ ቆጠረውና በሳቅ ፈነዳ። ተዋናዩ ወደ ኒው ዮርክ ተወሰደ፤ ማርች 4 ቀንም ዐረፈ።

ሰውየው በርት ዊሊያምስ ይባላል። በዘመኑ ስሙ በታላላቅ ቲያትር ቤቶች በር ላይ በጉልህ የተጻፈ፣ ድምፁ በሸክላ የተቀዳ፣ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመንም ዋናውን ሚና ይዘው ካሜራ ፊት ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተዋንያን አንዱ ነበር። ዳሩ ግን በመድረክም ሆነ በፊልም ተመልካቹ የሚያውቀው ፊት የገዛ ፊቱ አልነበረም። ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ጥቁር ለመምሰል ፊቱን ያጠቁር ነበር። ይህ እንቆቅልሽ የአንድ ሰው ጠባይ ወይም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ኪነ ጥበብ በሰው ልጅ ንቀት ላይ በቆመ ሥርዓት ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ጭምብሉ ከየት መጣ?

ኤግበርት ኦስቲን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 12 ቀን 1874፣ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበሩት በባሃማስ ደሴቶች፣ በናሶ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም፣ የአድዋው ካልሆነ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ቤተሰቡ በካሊፎርኒያ በሪቨርሳይድ ከተማ ስለ ሰፈረ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀው እዚያው ነው። መለሎ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ንባብ ወዳድና ረጋ ያለ ወጣት ነበር። በኋላ በመድረክ የታወቀበት የደቡብ አሜሪካ ጥቁሮች አነጋገር የእናቱ ቤት አነጋገር አልነበረም፤ እንደ ባዕድ ቋንቋ ቁጭ ብሎ ያጠናው ነው።

ወጣቱ ሊገባበት ያሰበው መድረክ ግን አስቀድሞ ፊት አዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ከ1830ዎቹ ዓመታት አንሥቶ በአሜሪካ «ሚንስትሬል» የሚባል የትርኢት ዓይነት ተስፋፍቶ ነበር። ነጭ አዝናኞች የተቃጠለ ቡሽ አድቅቀው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ከንፈራቸውን አስፍተው ይቀባሉ፤ ከዚያም ጥቁሩን ሰው ሰነፍ፣ ሌባ፣ ፈሪና ሞኝ አድርገው እየዘፈኑና እየጨፈሩ ያሳያሉ። ከነዚህ አዝናኞች አንዱ የነበረው ቶማስ ራይስ «ጂም ክሮው» የሚባል ገጸ ባሕርይ አቀረበ። የዚህ የፌዝ ሰው ስም ከጊዜ በኋላ ጥቁሩን ከነጩ የሚለያየው የዘር መድልዎ ሕግ መጠሪያ ሆነ። ቀልድ ብቻ መስሎ የጀመረው ነገር ሕግ ሆኖ ለማረፍ ብዙ አልራቀውም ማለት ነው። ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ ጥቁሮች ራሳቸው በብዛት ወደ መድረኩ መውጣት ሲጀምሩ የተከፈተላቸው በር ይኸው በር ነበር። ተመልካቹ የለመደውን ሥዕል ይዘው ካልቀረቡ ቲኬት የሚገዛቸው አልነበረም።

ዊሊያምስ በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የሚንስትሬል ቡድን ውስጥ ሳለ ከካንሳስ ግዛት ከመጣው ከጆርጅ ዎከር ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ወጣቶች ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል የዘለቀ ጓደኝነትና የሥራ ሽርክና መሠረቱ። በ1894 በከተማይቱ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። አዘጋጆቹ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከዳሆሚ ሰዎችን አስመጥተው በመንደር መልክ ለሕዝብ ሊያሳዩ አስበው ነበር። ዳሆሚዎቹ ስለ ዘገዩ፣ ዊሊያምስና ዎከር ከሌሎች ጥቁሮች ጋር ተቀጥረው «አፍሪካውያን» ሆኑ። እውነተኞቹ ዳሆሚዎች ሲደርሱ ሁለቱ ተሰናበቱ፤ ነገር ግን ወደ መንደሩ እየተመላለሱ ዘፈናቸውንና ውዝዋዜያቸውን ተመለከቱ። ዎከር በ1906 በጻፈው ጽሑፍ፣ አንድ ቀን ዕድሉን ካገኙ አፍሪካን የመድረክ ጉዳያቸው ለማድረግ የወሰኑት ያኔ እንደ ነበረ ገልጿል። በዚያው ጽሑፍ፣ ጥቁር ሰው ራሱን ለማሳየት ሲል ራሱን መሳለቂያ ከማድረጉ የበለጠ የማይረባ ነገር እንደሌለ ተናግሯል።

ይሁን እንጂ ቡሹ ቀረላቸው ማለት አይደለም። ዊሊያምስ ራሱ እንደ ተረከው፣ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠቆረው በዲትሮይት በአንድ የትርኢት ቤት ውስጥ ለጨዋታ ያህል ነው። ዘፈኑ በሚያስገርም ሁኔታ ተወደደለት። ከቀለሙ ሥር ሆኖ ራሱን እንደ ሌላ ሰው ማየት ሲጀምር የቀልድ ስሜቱ እንደ ዳበረ ከብዙ ዓመት በኋላ ጽፏል። ጭምብሉ የተጀመረውም የተፈጸመውም በአንድ ከተማ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ልብን የሚነካ አጋጣሚ ነው።

የሁለቱ ጨዋታ በተቃራኒ ጠባዮች ላይ የተመሠረተ ነበር። ዎከር ሽቅርቅር፣ ፈጣንና ተናጋሪ ሆኖ ያለ ቡሽ ይጫወታል። ዊሊያምስ ደግሞ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ፣ ያረጀ ልብስ የለበሰ፣ ዕድል ዘወትር ጀርባዋን የምታዞርበት ሰው ነው። ገበያውን ከነጭ አስመሳዮች ለመንጠቅ ሲሉ ራሳቸውን «እውነተኞቹ ሁለት ኩኖች» ብለው አስተዋወቁ። «ኩን» ለጥቁር ሰው የወጣ የስድብ ስም ነው። ስድቡን ንግድ ማድረግ መራራ ብልሃት ነበር። ሆኖም በዚህ ብልሃት ኒው ዮርክ ገቡ፤ «ኬክዎክ» የተባለውንም ጭፈራ ካስፋፉት ስመ ጥር ሰዎች መካከል ሆኑ።

ኢትዮጵያ በኒው ዮርክ መድረክ

በሳን ፍራንሲስኮው መንደር የታሰበው አሳብ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፍሬ ሰጠ። በፌብሩዋሪ 1903 «በዳሆሚ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በኒው ዮርክ ተከፈተ። ሙዚቃው የዊል ማሪዮን ኩክ፣ የተውኔቱ ጽሑፍ የጄሲ ሺፕ፣ ግጥሙ በአብዛኛው የታላቁ ባለቅኔ የፖል ሎረንስ ደንባር ነበር። ተዋንያኑም ደራሲዎቹም ጥቁሮች ሆነው በብሮድዌይ ዋና ቲያትር ቤት የቀረበ ሙሉ ሥራ በመሆኑ በአሜሪካ የቲያትር ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በዚያው ዓመት ቡድኑ ወደ ለንደን ተሻገረ፤ በጁን ወርም በእንግሊዝ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ትርኢቱን አቀረበ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የቅርብ ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ማጀስቲክ ቲያትር የተከፈተው ተውኔት ርእሱ «አቢሲኒያ» ነበር። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተው ነበር። ዐፄ ምኒልክም ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በ1903 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ስለ ተፈራረመ፣ የኢትዮጵያ ስም በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ይነሣ ነበር። ለጥቁር አሜሪካውያን ግን ስሙ ከጋዜጣ በፊት የሚታወቅ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡት፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሰየሙበት ስም ነው፤ በኒው ዮርክ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው።

ተውኔቱ፣ ሎተሪ የደረሰው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ዘመዶቹንና ወዳጆቹን አስከትሎ የአያቶቹን ምድር ለማየት ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ የሚገጥመውን ያሳያል። ዎከር ባለ ሎተሪውን፣ ዊሊያምስ ደግሞ እንደ ልማዱ መከራ የማይለየውን ጓደኛ ሆነው ተጫወቱ። ያ ምስኪን ጓደኛ በገበያ መካከል አንድ ዕቃ በማንሣቱ በሌብነት ይከሰሳል፤ በተውኔቱ ሕግ መሠረት እጁ ሊቆረጥ ይሆናል፤ በመጨረሻም ከንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ያገኛል።

ከመድረኩ የታየችው ኢትዮጵያ በሩቅ የታለመች ኢትዮጵያ እንጂ እውነተኛዋ አልነበረችም። ግመሎቹ፣ ፏፏቴውና ገበያው የአሜሪካን ተመልካች ዓይን ለመማረክ የተሰናዱ ነበሩ። ቁም ነገሩ ከዚህ ሌላ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ኢትዮጵያውያኑ በተጣራና በከበረ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ መሳቂያ የሆነው የተሰባበረ አነጋገር የአሜሪካውያኑ ጎብኚዎች ነው። በሚንስትሬል ትርኢት ጥቁር ንጉሥ ቢወጣ ለመዘበቻ ነበር። እዚህ ግን ጥቁር ንጉሠ ነገሥት፣ ጥቁር ዳኞችና ጥቁር ሠራዊት በሙሉ ክብራቸው ቆመው ይታያሉ። የመድረኩ ቀልድ ፊታቸው እስኪደርስ ይሮጥና እዚያ ላይ ይቆማል። ከባርያ ፈንጋይ ትውልድ የወረሰውን ጭምብል ገና ከፊቱ ያላወለቀ ተዋናይ፣ ጭምብል የማያስፈልገው ጥቁር ሰው ምን እንደሚመስል ለማሳየት የአድዋን ምድር መረጠ። ይህን የመሰለውን አሳብ የነጭ ጋዜጦች ሁሉ አልወደዱትም፤ ሥራው ከጥቁሮች ከሚጠበቀው በላይ ቁም ነገር አበዛ ያሉ ሐያስያን ነበሩ። ተውኔቱ በኒው ዮርክ 31 ጊዜ ከታየ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ዞረ።

በዚሁ ተውኔት ውስጥ ዊሊያምስ «ኖባዲ» የተባለውን ዘፈን ዘፈነ፤ ትርጉሙ «ማንም» እንደ ማለት ነው። በችግሩ ጊዜ የሚደርስለት እንዳጣ የሚናገር ሰው እንጉርጉሮ ነው። ዘፈኑን በ1906 በሸክላ ካስቀዳው በኋላ እስኪሞት ድረስ ተመልካቹ እሱን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አልሄድም ይለው ነበር። ዊሊያምስ በመጨረሻ እንደ ሰለቸው ይነገራል፤ ሳቁ ከዘፈኑ ሥር ያለውን ብሶት እንዳይሰማ የሚያደርግ መጋረጃ ሆኖበት ነበር።

ብቻውን በተለየ ዓለም

በ1909 ዎከር በጠና ታመመ። ሚስቱ፣ ታላቋ ተወዛዋዥ አይዳ ኦቨርተን ዎከር፣ የባሏን ልብስ ለብሳ የእሱን ሚና እስከ መጫወት ደረሰች። ዎከር በጃንዋሪ 1911 ሞተ። በንግዱም በአሳቡም ፊታውራሪ የነበረው እሱ ነውና ትልቁ ቡድን ተበተነ።

ዊሊያምስ በ1910 ወደ «ዚግፌልድ ፎሊስ» ገባ። ይህ በአሜሪካ የታወቀው፣ በየዓመቱ የሚቀርብ የነጮች ትልቅ ትርኢት ነበር። ጥቁር ሰው ከነጮቹ ጋር በኮከብነት ሲቆም የመጀመሪያው በመሆኑ፣ አንዳንድ ተዋንያን ሥራ እንለቃለን ብለው አስፈራሩ። አዘጋጁ ዚግፌልድ፣ ከዊሊያምስ በቀር ሁሉንም መተካት እንደሚችል መለሰላቸው ይባላል። ዊሊያምስም በበኩሉ ጥንቃቄ አበዛ፤ ከነጭ ሴት ጋር ብቻውን መድረክ ላይ እንዳይቆም፣ ወደ ደቡብ ግዛቶችም እንዳይጓዝ ተስማምቶ እንደ ነበር ይተረካል። ነጭ ሴትን በማየት ብቻ ተጠርጥሮ ሰው በሚሰቀልበት ዘመን ይህ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነበር። በመድረክ የሚጨበጨብለት ሰው፣ ሆቴል ሲያድር በዕቃ ማመላለሻው በኩል ግባ የሚባልበት ጊዜ ነበር።

ካሜራው ፊት

ድምፅ አልባው ፊልም ለዊሊያምስ ችሎታ የተመቸ ጥበብ ነበር። ዘፈኑን ብዙ ሰው ቢያውቅም፣ ትልቁ ኃይሉ በዝምታው ውስጥ ነበር፤ በዓይኑ አገላለጥ፣ በእጁ ዝግታ፣ በትከሻው መውደቅ።

በ1913 በባዮግራፍ ኩባንያ አማካይነት፣ ከኀምሳ በላይ የሚሆኑ ጥቁር ተዋንያን የተሳተፉበት ፊልም መቀረጽ ጀመረ። ዊሊያምስ ዋናው ተዋናይ፣ ኦዴሳ ዋረን ግሬይ የምትባለው ተዋናይ ደግሞ ሦስት ወንዶች የሚሽቀዳደሙላት ቆንጆ ነበሩ። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የአንድ ማኅበር አባላት የበዓል ሰልፍ፣ የአንድ ሰው ፍቅርና የፉክክር ቀልድ ነው። ነገር ግን ከሁሉም ተዋንያን መካከል ፊቱን በቡሽ ያጠቆረው ዊሊያምስ ብቻ ነው። የአንዱ ሰው ጭምብል ለነጩ ተመልካች እንደ ተከፈለ ቀረጥ ሆነና፣ ሌሎቹ በገዛ ፊታቸው ተውበው፣ ጥሩ ለብሰው፣ ሲጨፍሩና ሲዋደዱ እንዲታዩ መንገድ ከፈተ። ዊሊያምስና ግሬይ በሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው የሚሣሣቁበት ክፍል፣ ጥቁር ፍቅረኞችን ያለ ፌዝ ከሚያሳዩ ጥንታዊ የፊልም ምስሎች አንዱ ነው።

ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በዚያው ዓመት ከባዮግራፍ የለቀቀው ዳይሬክተር ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ በ1915 «የአንድ ብሔር ልደት» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚህ ፊልም ዋና ዋናዎቹን የጥቁር ሚናዎች ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች ተጫወቷቸው፤ የኩ ክላክስ ክላን ነፍሰ ገዳዮችም ጀግኖች ሆነው ቀረቡ። ይህኛው በመላ አገሪቱ ሲታይ፣ ያኛው በቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ ተቀመጠ። የአንድ ሕዝብ ምስል በሌላው እጅ ሲወድቅ የሚሆነውን ከነዚህ ከሁለቱ ፊልሞች ዕጣ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ዊሊያምስ በ1916 እንደገና ወደ ባዮግራፍ ተመለሰ፤ «የተወለደ ቁማርተኛ» እና «ዓሣ» የተባሉትን ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሠራ። የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ የትወና መማሪያ ሊሆን የሚገባው ነው። ገጸ ባሕርይው በቁማር ተይዞ ወኅኒ ይገባል። በክፍሉ ውስጥ ካርታ የለም፤ ገንዘብ የለም፤ ሰውም የለም። እሱ ግን ይቀመጥና የሌለውን ካርታ ይበውዛል፤ ለሌሉት ተጫዋቾች ያድላል። የራሱን ካርታ አየት አድርጎ ደስታውን ለመደበቅ ይጣጣራል። ገንዘብ ያሲዛል። ከፊቱ የተቀመጠው የማይታይ ሰው ምን እንደ ያዘ በዓይኑ ጥግ ይመረምራል፤ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ተስፋው ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ይጠፋል። በመጨረሻ በራሱ ምኞት በተፈጠረው ጨዋታ ውስጥ እንኳ ይሸነፋል። ይህን ጨዋታ ቀድሞ በመድረክ ሲያቀርብ መብራቱ በፊቱና በእጆቹ ላይ ብቻ ያርፍ ነበር። አሳቡን ያገኘው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ለብቻው ካርታ የሚጫወት በሽተኛ አይቶ እንደ ነበር ይነገራል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ የሚንስትሬሉ «ጥቁር ቁማርተኛ» ይጀምርና ከመፈጸሙ በፊት ይጠፋል። በቦታው የሚቀረው ማንኛውም ሰው ነው፤ ዕድል የከዳችው፣ ሆኖም ካርታውን ከመበወዝ ያልተቆጠበ ሰው። ዊሊያምስ ጭምብሉን ማውለቅ አልተፈቀደለትም፤ ስለዚህ ከጭምብሉ በስተኋላ ሰው አስቀመጠ።

ፍርዱ

በዘመኑ የነበሩ ጥቁሮች በእሱ ጉዳይ አንድ አሳብ አልነበራቸውም። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን፣ ዊሊያምስ ወደ ሰዎች ልብ እየሣቀ በመግባት ለወገኑ ከራሱ የበለጠ እንደ ሠራ ተናግሯል። ሌሎች ግን ቡሹን እስካላወለቀ ድረስ የድሮውን ስድብ ዕድሜ ያራዝማል ብለው ወቀሱት። ሁለቱም ወገን ከእውነቱ ድርሻ አላቸው። ጭምብሉ የተዋረደ ጭምብል ነበር፤ በአንድ ሊቅ ፊት ላይ በመዋሉ ንጹሕ አይሆንም። በሌላ በኩል፣ ጭምብሉን ያላበሰው ገበያ ሳይወቀስ ለባሹን ብቻ መውቀስ ዳኝነት አይባልም። ዊሊያምስ ራሱ በ1918 በጻፈው ጽሑፍ፣ ጥቁር ሆኖ መፈጠር የሚያሳፍር ነገር ሆኖ እንዳላገኘው፣ በአሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ የማይመች ሆኖ እንዳገኘው በዚያ በለዘበ አነጋገሩ ገልጿል። ከእሱ ጋር የሠራው ኮሜዲያን ደብልዩ. ሲ. ፊልድስ፣ ካያቸው ሰዎች ሁሉ እጅግ አስቂኙ፣ ካወቃቸውም ሁሉ እጅግ ያዘነው እሱ እንደ ነበረ መስክሯል።

በ1919 የኒው ዮርክ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ ለዊሊያምስ የነገረው አልነበረም ይባላል። እንደ ወትሮው ወደ ቲያትር ቤቱ ሄዶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ወደ መድረኩ ሲወጣ ባዶ አዳራሽ ጠበቀው። የሙያ ጓደኞቹ ለመብታቸው ሲነሡ እንኳ እሱን መቁጠር ረስተውት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በዲትሮይት ወደቀ፤ በኒው ዮርክም በዉድሎን መካነ መቃብር ተቀበረ።

የ1913ቱ ፊልም ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1939 ከከሰረው ባዮግራፍ የተረፉትን ወደ 900 የሚጠጉ ኔጋቲቮች ሲረከብ፣ ሰባቱ ጥቅሎች ስም ሳይኖራቸው አብረው ገቡ። ባለሙያዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ለይተዋቸው፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክለው፣ በ2014 ለሕዝብ አሳዩአቸው። ያልተቆረጠ ጥሬ ቀረጻ በመሆኑ፣ በየትዕይንቱ መካከል ያለው የዕረፍት ጊዜም ተቀርጿል። ተዋንያኑ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ያወራሉ፤ ልብሳቸውን ያስተካክላሉ። በመካከላቸው ዊሊያምስ ፊቱ እንደ ጠቆረ ቆሟል፤ ነገር ግን ትከሻው ቀጥ ብሏል፤ የሚጎተተው እግር የለም፤ የሞኙ አስተያየት ከዓይኑ ጠፍቷል። ካሜራው መዞር ሲጀምር ሰውነቱ ይታጠፋል፤ ሲቆም ይቃናል።

በዲትሮይት የነበረው ተመልካች ሰውየው ሲወድቅ ጨዋታ መሰለው። ከዘጠና ሁለት ዓመት በኋላ የተቀመጠው ተመልካች ግን የትኛው ጨዋታ፣ የትኛው ሰው እንደሆነ በዓይኑ አየ።